ወረቀቱ በማን ስም ነው?

በእንግሊዝኛ ስለጻፉ የሕንድ ሴት ደራስያን በአንድ የንባብ ክበብ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሥራ ውላችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆማችሁ፣ የሰው አገር መጽሐፍ ሲወራ ልትሰሙ መጥታችኋል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፤ የፊት ወንበር አይናከስም።

ሕንድ ለዚህ አዳራሽ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ፣ በየክፍለ አገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘው እንግሊዝኛና ሒሳብ ካስተማሩት መካከል ሕንዳውያን ብዙ ነበሩ፤ ከኬረላ የመጡትም በርካታ ናቸው። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ሼክስፒርን በሕንዳዊ አፍ የሰማችሁ አትጠፉም። ዛሬ ሰፋ አድርጌ የማነሣው አንዱ ልብ ወለድ ታሪኩ የሚፈጸመው እዚያው ኬረላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ እንዳንደናገር።

ስለ ሕንድ ሴት ደራስያን ሲወራ አንድ የተለመደ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «የታፈነውን የሴቶች ድምፅ አሰሙ» ይባላል። የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ አለ፣ የመጽሐፍ ጀርባ ላይ አለ፣ የሽልማት ዜና ላይ አለ። ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አያሳይም። መጽሐፎቹ ውስጥ ስትገቡ የምታገኙት ሒሳብ ነው። ቤቱ በማን ስም ተመዘገበ? ፋብሪካው የማን ነው? ከዩኒቨርሲቲ የመጣውን ደብዳቤ ማን ቆለፈበት? ብርቱካኑን ማን ላጠ፣ ማን በላ? ጭቆናው ሰነድ አለው፣ ሳህንም አለው። ሰነዱንና ሳህኑን ያልተከተለ አንባቢ ታሪኩ ያመልጠዋል።

ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ ርስት፣ ማዕድ፣ ዝምታ። ርስቱ ላይ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ከርስቱ በፊት ግን አንዲት ቀዳሚ እንጥራ። ሮኬያ ሳካዋት ሆሴን በ1880 ዛሬ ባንግላዴሽ በምንላት አገር፣ ፓይራባንድ በምትባል መንደር፣ ከባለርስት ሙስሊም ቤተሰብ ተወለደች። በዚያ ቤት ሴት ልጅ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከባዕድ ወንድ ብቻ ሳይሆን ከማታውቃት ሴትም ትሸሸግ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ በሻማ ብርሃን። አግብታ ባጋልፑር ስትኖር፣ የመንግሥት ሹም የነበረው ባሏ ለሥራ ጉዞ በወጣበት ሁለት ቀን ውስጥ ጊዜ ማሳለፊያ ብላ አንድ አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ሰውዬው ሲመለስ ታሪኩን ቆሞ አነበበው አሉ። ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አስፈሪ በቀል ነው!» ብሎ አረፈው።

«የሱልጣና ሕልም» ትባላለች፤ በ1905 ማድራስ በሚታተም የሴቶች መጽሔት ወጣች። በሕልሟ አገር ወንዶቹ ናቸው ጓዳ የሚውሉት፣ ልጅ የሚይዙት፣ ወጥ የሚሠሩት። ሴቶቹ ይገዛሉ። እንዴት እንዲህ ሆነ? ጦርነት መጣ፤ ወንዶቹ ተዋግተው ተሸነፉ። ያን ጊዜ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሁለት ሺህ ሴት ተማሪዎቿን ይዛ ወጣች፤ ያጠራቀሙትን የፀሐይ ሙቀት በጠላት ጦር ላይ ለቀቁበት። ጠላት ሸሸ። ወንዶቹ ግን ሴቶቹ ከመውጣታቸው በፊት ወደ ጓዳ እንዲገቡ ተደርገው ነበር፤ ከዚያም አልወጡም።

አሁን ሒሳቧን ስሙልኝ። ሱልጣና ትጠይቃለች፤ የቢሮውንም ሥራ የቤቱንም ሥራ እንዴት ትችሉታላችሁ? መልሱ ይመጣል፤ የቢሮውን ሥራ በሁለት ሰዓት እንጨርሰዋለን። ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የሚውሉ የሚመስለው ስለሚያጨሱ ነው። አንድ ሲጋር ተቃጥሎ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሰውዬው በቀን 12 ያጨሳል። ስድስት ሰዓት በጭስ ሄደ ማለት ነው! ሳቃችሁ? ሮኬያም የጻፈችው እንድትስቁ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ስለ ሴት ልጅ ክብር አንድም ስብከት አላሰማችም። የሠራችው የሰዓት ደሞዝ መዝገብ ነው። ወንድ በጉልበቱ ይበልጣል የሚለውንም ክርክር በአንድ ምሳሌ ዘጋችው፤ አንበሳ ከሰው ይበረታል፣ ታዲያ ሰውን መግዛት ቻለ ወይ?

ይህች ሴት በ1911 ካልካታ ውስጥ በስምንት ተማሪ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ትልቁ ችግር ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ገንዘብ? መጓጓዣው ነበር። ልጆቹ በሰው እንዳይታዩ ተብሎ የትምህርት ቤቱ መኪና ከላይ እስከ ታች ተዘጋ፤ አየር አጥተው ሕፃናቱ ማስመለስና ራስን መሳት ጀመሩ። መስኮቱ ተከፍቶ መጋረጃ ሲደረግበት ደግሞ «ነፋስ መጋረጃውን እየገለጠው ነው» የሚል የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈ። ቢዘጋ ልጅ ይታመማል፣ ቢከፈት ወላጅ ይቀየማል። ትግሉ እስከ መጋረጃ ጨርቅ ይወርዳል የምለው ለዚህ ነው።

እሺ፤ አንደኛው ነጥብ። ርስት።

በደቡብ ሕንድ፣ የቀድሞዋ ትራቫንኮር ግዛት ውስጥ፣ በ1916 ለክርስቲያኖች አንድ የውርስ ሕግ ወጣ። አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ሴት ልጅ የሚደርሳት የወንድሟ ድርሻ አንድ አራተኛ ነው፣ ወይም 5,000 ሩፒ ነው። ከሁለቱ የትኛው? ያነሰው! እደግመዋለሁ፤ ያነሰው። የአባቷ ሀብት ሚሊዮን ቢሆን ሴቷ ከ5,000 አታልፍም። ይህ ሕግ ቅኝ ግዛቱ ካበቃ በኋላም አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖረ። ሜሪ ሮይ የምትባል የኬረላ ሴት፣ ባሏን ትታ ሁለት ልጆች ይዛ የተመለሰች መምህርት፣ ወንድሟን ተከራክራ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰችው። በ1986 ፍርድ ቤቱ ያ የ1916 ሕግ ከ1951 ጀምሮ እንደማይሠራ ወሰነ፤ ሴቶቹ እንደ ወንድሞቻቸው እኩል ይወርሳሉ አለ።

የሜሪ ሮይ ልጅ አሩንዳቲ ሮይ ናት። ከፍርዱ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ «የትናንሽ ነገሮች አምላክ» የተባለው ልብ ወለዷ ታተመ፤ በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሚሰጠውን ዝነኛ የልብ ወለድ ሽልማት፣ ቡከርን፣ አገኘ። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ የክልክል ፍቅር ታሪክ ብሎ ያነበዋል፤ ነውም። ባል የፈታችው አሙ ከዝቅተኛ ወገን የሆነውን ቬሉታን ትወዳለች፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። እኔ ግን ከፍቅሩ በፊት ፋብሪካውን እዩልኝ እላለሁ።

ፋብሪካው የማቆያ ፋብሪካ ነው፤ ማንጎው፣ አናናሱ፣ ሎሚው በቅመምና በዘይት ታሽቶ በጠርሙስ ይታሸጋል። የጀመረችው አያቲቱ ማማቺ ናት፣ ከወጥ ቤቷ። የሙዝ ማርማላታዋን የምግብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከልክሎታል፤ በመጽሐፋቸው መሠረት ማርማላታም አይደለም፣ ጄሊም አይደለም። ለጄሊ ቀጠነ፣ ለማርማላታ ወፈረ። ደራሲዋ ይህን ያስገባችው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ መደብ ያጣ ነገር ነው። ባል የፈታች ሴት ልጅ የትኛው ሣጥን ውስጥ ትመደባለች?

ከዚያ በኦክስፎርድ የተማረው ወንድ ልጅ ቻኮ ይመጣል። ፋብሪካውን በሽርክና ያስመዘግብና እናቱን «አንቺ ድምፅ የሌለሽ ሸሪክ ነሽ» ይላታል። የመሠረተችውን ሴት! ማሽን ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ወዲያው ኪሳራው ይጀምራል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የምንለውን ተረት ቃል በቃል የሚያፈርስ ገጽ ነው፤ ሴቲቱ ስታውቅበት ያተርፍ የነበረው በወንዱ እጅ አለቀ። አሙ ከወንድሟ እኩል ትሠራለች፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ቻኮ «የእኔ ፋብሪካ፣ የእኔ አናናስ» ይላል። ደራሲዋ እዚህ ላይ አትቆጣም፣ አታለቅስም። በሕግ ትክክል ነበር፣ ሴት ልጅ በንብረቱ ላይ መብት አልነበራትምና፤ ይህን በደረቁ ትነግረንና ታልፋለች። ያች አንዲት ደረቅ ዐረፍተ ነገር የ1916ቱ ሕግ ናት። ታሪኩ የሚሆነው በ1969 ነው፤ ፍርዱ ገና 17 ዓመት ይቀረዋል።

አሁን ሁለት በር ላሳያችሁ። ቻኮ ሚስቱ ፈታዋለች፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶችን ወደ ክፍሉ ይጠራል። እናቱ ምን አደረገች? «ወንድ ነው፣ ያስፈልገዋል» ብላ ለክፍሉ በስተምሥራቅ ለብቻው መግቢያ አሠራችለት፤ ሴቶቹ በሳሎን እንዳያልፉ። በስውር ገንዘብም ትሰጣቸዋለች፤ ገንዘብ ከተቀበሉ ነገሩ ፍቅር አይባልምና ሕሊናዋ ያርፋል። ሴት ልጇ ወንድ መውደዷ ሲሰማ ደግሞ ያችው እናት የአሙን ክፍል ከውጭ ቆለፈችው። አንድ ቤት፣ አንዲት እናት። ለወንዱ በር ተሠራለት፣ ለሴቷ በር ተቆለፈባት።

ልብ በሉ ደግሞ፣ ቆላፊዋ ሴት ናት። ማማቺ ራሷ ባሏ በናስ የአበባ ማስቀመጫ ሲደበድባት የኖረች ሴት ናት። የተደበደበች ሁሉ ለሌላዋ ታዝናለች የሚል የዋህነት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ቤቱ ወንድ ባይኖርበትም ሕጉን ሴቶች ይጠብቁለታል።

ከመጽሐፍ ወጣ ብለን አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንይ፤ ይህም ስለ ወረቀት ነው። ጊታ ሐሪሐራን የምትባል ደራሲ አለች፤ «የሌሊት ሺህ ፊቶች» የተሰኘው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1992 ወጥቶ የኮመንዌልዝ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ይህች ሴት በ1984 ለትንሽ ልጇ በስሙ የመንግሥት ቦንድ ልትገዛ ለሕንድ ማዕከላዊ ባንክ አመለከተች፤ ሞግዚት ሆና የፈረመችው እሷ ናት፣ ባሏም ተስማምቷል። ባንኩ ግን የአባትየው ፊርማ ይምጣ፣ ወይም ሞግዚት መሆንሽን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ማስረጃ አምጪ አለ። ለምን? የ1956ቱ የሂንዱ ሞግዚትነት ሕግ የልጅ ሞግዚት አባት ነው፣ «ከእሱም በኋላ» እናት ናት ስለሚል። ከእሱ በኋላ ማለት ሲሞት ነው ተብሎ ይተረጎም ነበር። አባትየው በሕይወት እያለ፣ እየተስማማ እንኳ፣ የእናት ፊርማ ቦንድ አይገዛም! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 1999 ሐረጉን «አባት በሌለበት ጊዜ» ማለት ነው ብሎ ተረጎመው፤ አባት ርቆ ከሆነ፣ ለልጁ ደንታ ከሌለው ወይም ከተስማማ እናት ሞግዚት ትሆናለች። ቅሬታ አለኝ፤ ያም ቢሆን አባትን ፊት፣ እናትን ኋላ አስቀምጦ ነው የተወው። ይሁን እንጂ አንዲት ደራሲ በቦንድ ማመልከቻ ስንት እናት እንዳስፈረመች አስቡት።

የሷን ልብ ወለድ ስታነቡ ሲታ የምትባለውን እናት ተከታተሉ። ቪና ትጫወታለች፤ ቪና የክር መሣሪያ ነው፣ ወለል ላይ ተቀምጠው የሚደረድሩት። አንድ ጧት ለጸሎቱ የሚሆነውን ሳታዘጋጅ ጨዋታው ወሰዳት፤ አማቷ «ያን መሣሪያ አስቀምጪ፣ አንቺ ሚስት ነሽ? ምራት ነሽ?» ብሎ ጮኸባት። ክሮቹን ከእንጨቱ ነቅላ ጣለች፤ ሁለተኛ አልነካችውም። ከዚያ በኋላ የቤቱ ፍጹም አስተዳዳሪ ሆነች፤ ሁሉ በእጇ፣ ሁሉ በቁጥጥሯ፣ ሴት ልጇንም ጨምሮ። የተቆረጠው ክር የት እንደገባ ያያችሁ እንደሆነ መጽሐፉ ገብቷችኋል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማዕድ። እዚህ ላይ ንግሥቲቱ አኒታ ዴሳይ ናት። በ1999 የታተመው «ጾምና ድግስ» ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር ገብቶ ነበር።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። ምሳ ተበልቷል። ኡማ፣ የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ፣ ፍራፍሬውን ታመጣለች። እናትየው ብርቱካኑን ትልጣለች፤ ልጣጩን ብቻ አይደለም፣ ፍሬውን፣ ነጩን ክር ሳይቀር ለቅማ ታወጣለች። ከዚያ ቁራጩን አንድ በአንድ ለአባትየው ታቀርባለች። በልቶ ሲያበቃ ሁሉም ይጠብቃል፤ ምን ይጠበቃል? ጣቱን የሚያጠልቅበት ሳህንና መጥረጊያው። እጅ መታጠቢያ ሳህን የሚቀርብለት በዚያ ቤት እሱ ብቻ ነው። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፣ ሰው አልጮኸም። ብርቱካን ብቻ ነው። ዴሳይ ግን ማን በማን ላይ እንደተቀመጠ በዚህች ብርቱካን ትጨርሰዋለች።

ኡማ ትምህርት ቤት ትወድ ነበር፤ ፈተና ግን ትወድቃለች። ወንድሟ አሩን ሲወለድ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ሕፃኑን የሚይዝ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ትዳር ተሞከረላት፤ ሁለቱም ጊዜ የአባቷ ገንዘብ ተበላ። እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ የሚስተውን ልንገራችሁ፤ ጥሎሽ በኛ ከወንዱ ወገን ይመጣል፣ በሕንድ ግን የሚከፍለው የሴቷ ቤተሰብ ነው። ይህን ሳይዙ የሚያነቡ ሰዎች ሴት ልጅ መውለድ ለምን እንደ ዕዳ እንደሚቆጠር አይገባቸውም። የመጀመሪያው ቤተሰብ ገንዘቡን ተቀብሎ ጋብቻውን ሰረዘ። ሁለተኛው አገባትና ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ ለካ በሌላ ከተማ ሚስትና ልጆች ነበሩት፣ ገንዘቡን የፈለገው ሊዘጋ የደረሰ የመድኃኒት ፋብሪካውን ለማዳን ነው። ኡማ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አንዲት ሴት ሐኪም ኋላ ሥራ ይዛላት መጣች፤ የነርሶች ማደሪያ ኃላፊ እንድትሆን። ወላጆቿ እምቢ አሉ። ሥራ ያዘች ማለት ፍራፍሬውን የሚያመጣ ጠፋ ማለት ነዋ!

የአጎት ልጇ አናሚካ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ ለኦክስፎርድ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች። ሄደች? አልሄደችም። ደብዳቤው በብረት ቁምሣጥን ተቆልፎ ተቀመጠ፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣና ይታያል። ደብዳቤው ባል ለማግኛ ሆነ። የመጣው ባል ራሱን የሚያደንቅ ሰው ነበር፤ አማቷ ትደበድባታለች፣ ፅንሷ ወረደ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲያ ኖራ በኬሮሲን ተቃጥላ ሞተች፤ ራሷ ናት አሉ፣ አይደለም ያሉም አሉ። በሕንድ ወንጀል ሕግ በ1986 የገባ አንድ ድንጋጌ ነበር፤ ሴት በተጋባች በሰባት ዓመት ውስጥ ከተፈጥሮ ውጭ ከሞተችና ከመሞቷ በፊት በጥሎሽ የተነሣ መሠቃየቷ ከታየ፣ ባልና ዘመዶቹ በሞቷ ይጠየቃሉ። የአናሚካ ትዳር ከሰባት ዓመቱ እጅግ አልፏል። ዴሳይ ይህን የሕግ ቁጥር አትጠቅስም፤ ግን በረጅሙ ትዳር ውስጥ የሞተችውን ሴት ሕጉ የሚያያት በየትኛው መስኮት ነው?

መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ነው። ወንድ ልጁ አሩን ተምሮ ሄዶ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይቀመጣል። ማቀዝቀዣው ሞልቶ የሚፈስ ቤት ነው፤ ልጅቷ ግን ጣፋጭ ትበላና ታስወጣዋለች፣ ታማለች። «ሕንድ ኋላ ቀር ስለሆነች ነው» ብሎ ሊዘጋው ለሚቸኩል አንባቢ ዴሳይ ይህን በር አትከፍትለትም።

ስለ ማዕድ ስናወራ ካማላ ማርካንዳያን ሳልጠራ አላልፍም። በ1954 የወጣው «የአበባ ማር በወንፊት» የገጠር ረኃብ መጽሐፍ ነው። ልጅቱ ኢራ መካን ናት ተብላ ከባሏ ቤት ተመለሰች፤ ረኃቡ ሲጠና ታናሽ ወንድሟን ለማብላት ሰውነቷን ሸጠች። ደራሲዋ አልፈረደችባትም።

ሦስተኛው፣ ዝምታ። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን አይደል? ሻሺ ዴሽፓንዴ ዝምታ እንዴት እንደሚነቅዝ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈችበት። «ያ ረጅም ዝምታ» በ1988 ወጣ፤ በ1990 የሕንድን ትልቁን የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ሽልማት ተቀበለ።

ጃያ ጸሐፊ ናት። ባሏ ሞሃን በሠርጓ ዕለት ስሟን «ሱሐሲኒ» ብሎ ለወጠው፤ በአንዳንድ የሕንድ ማኅበረሰብ ልማድ ነው። አንድ ታሪክ ጻፈችና ሽልማት አገኘች። ታሪኩ ሚስቱን በሰውነቷ በኩል ካልሆነ ሊደርስባት ስለማይችል ባል ነበር። ሞሃን አነበበው። አልመታትም፤ ተከፋ። «ሰው እኔን ነው ብሎ ያስባል» አለ። ከዚያ ወዲያ ጃያ የምትጽፈው በብዕር ስም፣ ሁሉ የሚስቅለት የቀላል ቤት እመቤት ዓምድ ሆነ። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ዝም ያሰኛት ቡጢ አይደለም። የተከፋ ባል ፊት ነው። ቡጢ ቢሆን ኖሮ ትቃወመው ይሆናል።

አንድ አጎቷ ደግሞ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በትልቅ ወረቀት አዘጋጅቶ በኩራት ያሳያታል። ታነባለች፣ ትፈልጋለች፤ እሷ የለችም። «አንቺ የባልሽ ቤተሰብ ነሽ» ይላታል። ደህና፤ እሺ ያገቡ ሴቶች ልጆች በባላቸው ቤት ይመዝገቡ። ታዲያ ወደ ቤቱ የመጡት ሚስቶችስ? እነሱም የሉም! ቤቱን ለዘመናት የያዘችው አያቷ እንኳ የለችም። የወጣችውም የገባችውም ካልተጻፈች ሴት የትኛው ወረቀት ላይ ነው ያለችው?

የዴሽፓንዴ ሌላው መጽሐፍ፣ የ1980ው፣ ሳሪታ የምትባል ሐኪም ታሪክ ነው። ባሏ የኮሌጅ መምህር፤ ከሱ የበለጠ ታገኛለች። አንድ መጽሔት ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላት ይመጣና ጠያቂዋ እየሳቀች ወደ ባልየው ዞር ትላለች፤ «ሚስትህ ቅቤውን ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ዳቦ ስታመጣ ምን ይሰማሃል?» ሳቁ። በዚያ ሌሊት ጭካኔው ተጀመረ። ቀን ቀን ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ነው። ከዚህ ዓይነቱ ሌሊት ጋር የሕንድ ሕግ ዛሬም አልተፋታም፤ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ 18 ዓመት የሞላትን ሚስት ባሏ ቢደፍራት አስገድዶ መድፈር አይለውም። ሚና ካንዳሳሚ በ2017 «ስመታሽ» የተባለውን ልብ ወለድ ስትጽፍ ይህንን ነው የነካችው፤ ባልየው የተማረ፣ ስለ አብዮት የሚያስተምር ሰው ነው፣ ሚስቱን ግን ከፌስቡክ ያስወጣል፣ የኢሜይሏን የይለፍ ቃል ይይዛል።

አሁን ወደ ተግባር። ስታነቡ የሚያስቸግራችሁን ልንገራችሁ።

ትልቁ ስሕተት ሴቲቱ በሩን ጥላ እስክትወጣ መጠበቅ ነው። ያ መጨረሻ የአውሮፓ ቲያትር ነው። ጃያ አትወጣም። ኡማ አትወጣም። አንባቢ «ተሸነፈች» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ወዴት ትውጣ? ቤቱ በስሟ አይደለም፣ ሥራ የላትም፣ የአባቷ ቤት ደግሞ መልሶ ይልካታል። አሙ ወጥታ አይደል የተመለሰችው? ወጥታስ ምን አገኘች? በ31 ዓመቷ በሰው አልጋ ሞተች። ስለዚህ «ወጣች ወይስ ቀረች?» የሚለውን ተዉትና በመጀመሪያው ገጽ ልትናገረው ያልቻለችውን በመጨረሻው ገጽ ተናገረችው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የዝምድና ስም ነው። በሮይ መጽሐፍ ማማቺ፣ ፓፓቺ፣ ኮቻማ እያለ ሲመጣ ሰው ሃያ ገጽ ሳይደርስ ይጥለዋል። የመጽሐፉን የኋላ ሽፋን ገልጣችሁ የቤተሰቡን ሐረግ በእርሳስ ሣሉ፤ ሴቶቹን ጨምሩ እንጂ እንደ ጃያ አጎት እንዳታደርጉ። ታሪኩ ከ1969 ወደ 1993 እየተመላለሰ ስለሆነ በ21ዱም ምዕራፎች ራስጌ ዓመቱን ጻፉ። ዴሽፓንዴንና ሐሪሐራንን ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ የሕንድን ሁለት ታላላቅ ጥንታዊ ታሪኮች፣ የራማያናንና የማሃባራታን አጭር ትረካ አንብቡ። ንጽሕናዋን በእሳት ያስመሰከረችውን ሲታን፣ ዓይነ ስውር ባል ስታገባ የራሷን ዓይን በጨርቅ ያሰረችውን ጋንዳሪን ሳታውቁ ቀልዱም ምሬቱም ያልፋችኋል።

አሁን ደግሞ ነቀፌታዬን ልናገር፤ ማመስገን ብቻ አይበጅም። በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ሴቶች በአብዛኛው ከተማሩና ከደኅና ቤት የመጡ ናቸው። ጃያ በዝምታዋ ስትብሰለሰል ሰሃኑን የምታጥበው ጂጃ ናት፤ ባሏ ሰካራም ነው፣ ሌላ ሴት አምጥቷል፣ ጂጃ ግን ሁሉንም ታበላለች። ዴሽፓንዴ ታያታለች፣ ይህን አልክድም። ግን መጽሐፉ የጃያ ነው፤ ጂጃ የምትገባው በጓዳ በር፣ የምትወጣውም በጓዳ በር ነው። የዝቅተኛ ወገን ሴቶችን ሕይወት ከውስጥ የጻፉት አብዛኞቹ በሌላ ቋንቋ ጻፉ፤ ባማ በታሚል ናት። ማሃስዌታ ዴቪ በቤንጋሊ፣ ኢስማት ቹግታይ በኡርዱ። ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት በ2022 ጊታንጃሊ ሽሪ ከሂንዲ፣ በ2025 ባኑ ሙሽታቅ ከካናዳ ቋንቋ በተተረጎመ መጽሐፍ ወሰዱ፤ ካናዳ ያልኩት የካርናታካ ግዛት ቋንቋ ነው፣ አገሯን አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ያወራነው አንዱን መደርደሪያ ነው።

እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለውም ቢሆን ሒሳቡ አልተዘጋም። የ1986ቱ ፍርድ ርስት ላላቸው ክርስቲያን ቤተሰቦች ሴቶች ልጆች ድርሻ ሰጠ፤ አሙ ብትኖር ትወርስ ነበር። ቬሉታ ግን፣ ያ የፋብሪካውን ማሽን ሁሉ የሚጠግነው አናጢ፣ ወንድ ሆኖም ከማን ይወርሳል? የአባቱ ጎጆ የቆመችባት ቁራጭ መሬት እንኳ የማማቺ ቤተሰብ ስጦታ ናት። በጾታ የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው ይህንን ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ፖሊስ ሲገድለው እንኳ የአሙ ሐዘን አድርጎ ነው የሚያነበው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ነገር አንብባችሁ ኑ። «የሱልጣና ሕልም»ን፤ በአንድ ቁጭታ ታልቃለች። ከዚያ የ«ጾምና ድግስ»ን የመጀመሪያ ክፍል፤ አሜሪካ ሳትደርሱ ቁሙ። የሮይን መጽሐፍ ገና አትጀምሩት፤ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ሁለቱን ያነበበ ግን ይዞት ያድራል። ስታነቡ ምግብ በቀረበ ቁጥር ማን እንደሠራው፣ ማን ቀድሞ እንደበላው፣ ማን ቆሞ እንደቆየ ከገጽ ቁጥሩ ጋር በማስታወሻ ያዙ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጅ አውጡ፤ አጭር አድርጉት፣ ሰዓቱ መሽቷል።